ሚዛኑ ላይ ያረፈችው ወፍ

መተማ ዮሐንስ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአብዱልሀኪም፣ አዳማ

«ደህና ነሽ ወይ?» ብለህ በሹፌሩ በኢሳ ለላክኸው ቃል፣ አይ፣ ደህና አይደለሁም። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ «ተመስገን» ብዬ አልፈው ነበር። አንተን ግን ጎንደር አብረን ስንማር ዋሽቼህ አላውቅም፣ አሁንም አልጀምርም። ኔትወርኩ ከተዘጋ ወዲህ ወሬ የሚሄደው በሹፌር አፍ ስለሆነ የኛም ነገር ጠምሞ ደርሶህ ይሆናል። ቀጥ አድርጌ ልንገርህ።

ወንድሜ ደረበ የማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ያለውን የመኪና ሚዛን እንደሚያሠራ ታውቃለህ። ኢሱዙው ሰሊጥ ጭኖ ሲገባ ይመዝነዋል፣ አራግፎ ባዶውን ሲወጣም ይመዝነዋል፣ ልዩነቱ ሰሊጥ ነው። ዘንድሮ ሚዛኑ ገባ ያለው ሰሊጥና መጋዘኑ ውስጥ የተገኘው ሰሊጥ አልገጥም አለ። ጎደለ። በሳምንቱም ጎደለ። የሚዛኑን ኮምፒውተር የምይዘው እኔ ነኝና ሥራ አስቁመን ፕሮግራሙን ፈተሽነው፣ ባዶ መኪና አወጣንበት፣ ድንጋይ ጫንንበት፣ ንቅንቅ የለም፣ ልክ ነው። እንግዲያው ሌባ አለ ተባለና አውጫጭ ተጠራ።

አዎ፣ አውጫጭ፤ እናንተ ወሎዬዎች አፈርሳታ የምትሉት። ቀርቷል ሲሉን ነበር፣ ሆድ ሲብስ ግን የቀረውም ይነሳል። የግቢው ሠራተኛ፣ ሹፌሩ፣ ከደጋ ለአጨዳ የወረደው የቀን ሠራተኛ፣ ሳሉጉ ሁሉ፣ መጋዘኑ ጀርባ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ሌባው ሳይታወቅ ማንም አይነሳም። ሰው አንድ በአንድ ሽማግሌዎቹ ዳስ ይገባል። ያየ ይናገራል፣ ያላየ ዝም ብሎ ይወጣል። ሁሉም ስለሚገባ ማን እንደተናገረ አይታወቅም። የተናገረው ሰው ስሙ ወፍ ነው። ሽማግሌዎቹ ምለዋልና «ወፍ ነገረችን» ይላሉ እንጂ ሞተው ቢገኙ ማን እንደሆነ አያወጡም።

በሦስተኛው ቀን ሰብሳቢው አያ ደሞዝ ከዳሱ ወጡና «ወፍ መጥታለች። ደረበ ነው» አሉ። እኔ ጮህሁ፣ ከሴቶቹ መሐል ዘልዬ ወጣሁ፤ ደረበ ግን አንገቱን ደፍቶ ዝም። በማግስቱ ድልድዩን ተሻግሮ ገላባት ገባ። ሱዳን በጦርነት እየነደደች እሱ እዚያ ሄደ፤ እዚህ ከመኖር ይሻላል ብሎ።

ወንበሩ ላይ ማን የተቀመጠ ይመስልሃል? ምክትሉ የነበረው ፈረደ! ከፈረደ በቀር ማን ተጠቀመ? ሌባውም እሱ ነው፣ ወፏም እሱ ነው፣ አጥንቴ ነግሮኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እንግዲህ የምፈልገውን ስማ። የሚዛኑ ፕሮግራም የተጻፈው አንተ በሠራኸው ቋንቋ በሰርዶ ነው። የጻፈው አንዱዓለም ዱባይ ሲሄድ ኮዱን ይዞት ሄደ፤ እኛ ጋ የቀረው ማሽን የሚያነበው ብቻ ነው። ስናቆመው ጤነኛ ነው። የሚታመመው ሲሠራ ነው። ስለዚህ ሳይቆም፣ እየሠራ፣ ሆድ ዕቃውን ማየት አለብኝ። ሰርዶን የሚያስኬደው ቨርቹዋል ማሽን የእጅህ ሥራ ነውና የሚያይ ዓይን አስገባልኝ። ፈረደን ወንድሜ የቆመበት ሜዳ ላይ ካላቆምሁት የአባቴ ልጅ አይደለሁም።

የዓለምወርቅ


አዳማ፣ ኅዳር 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለየዓለምወርቅ

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛውን እናቴ አጠገቤ ሆና ሰምታ «አይ ያ ልጅ፣ አይ ደረበ» ብላ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አብሽሪ። ለደረበ ዱዓ እያደረግን ነው።

ይቻላል ወይ ላልሽው፣ ይቻላል። እንዴት ላልሽው ደግሞ እንዲህ ነው። በሰርዶ የተጻፈ ፕሮግራም እያንዳንዱ የሥራ ክፍሉ፣ ፈንክሽኑ፣ ሲጠራም ሲመለስም በቨርቹዋል ማሽኑ በር ያልፋል። አሁን በየበሩ አንዲት ባዶ ትእዛዝ አስቀምጫለሁ። ማንም ካልፈለጋት ማሽኑ እየዘለላት ይሄዳል፤ ሥራውን አታዘገይም። ስትፈልጊያት ግን ፕሮግራሙ እየሠራ፣ መኪናው ሚዛን ላይ እንደቆመ፣ ባዶዋ ትእዛዝ በሌላ ትተካለች። ከዚያ ወዲያ በዚያ በር የትኛው ፈንክሽን እንዳለፈ፣ ምን ይዞ እንደገባና ምን ይዞ እንደወጣ ትነግርሻለች። ስትጨርሺ ታነሻታለሽ። የአንዱዓለም ኮድ አያስፈልግሽም። በሙያው ፕሮብ ነው የምትባለው፤ እኔ ግን ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ስሟን ወፍ ብዬዋለሁ። ማስቀመጫው ትእዛዝ «አሳርፍ»፣ ማስነሻው «አንሳ» ነው። ብትቀየሚኝም ችዬዋለሁ።

ደግሞ እወቂው፣ ይህች ወፍ ታያለች እንጂ አትነካም። አንድም ቁጥር አትለውጥም። እንደዚያ ካልሆነ ያየሽው የፕሮግራሙ ሥራ ይሁን የወፏ ሥራ በምን ታውቂያለሽ?

ስለ ፈረደ «አጥንቴ ነግሮኛል» ያልሽውን ግን አልወደድኩትም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ ያንቺው ሰዎች። አስቀድመሽ እይ፣ ከዚያ ፍረጂ። ፍላሹ በኢሳ እጅ ነው። ደረበ የት ነው የሚያድረው? ልብስ ልላክለት?

አብዱልሀኪም


መተማ ዮሐንስ፣ ኅዳር 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

አብዱልሀኪም፣

ሰላምታህን በኋላ ትቀበላለህ። ወፍህ ሚዛኑን ገደለችው!

ረፋድ ላይ ሁለት ኢሱዙ ገብቶ ሦስተኛው ሚዛኑ ላይ ሲወጣ አሳረፍኋት። ወዲያው ስክሪኑ ደረቀ። ቁጥሩ አይሄድ፣ አይመጣ። መኪናው እስከ ኬላው ተሰለፈ፤ ሹፌሩ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ጸሐዩ አናት ይበሳል። ፈረደ ከወንበሩ ተነስቶ መጣና ሰው እየሰማ ምን አለ መሰለህ? «የደረበ ቤት እጅ መቼም ሚዛን አይወድም።» ሳቁ። ሁሉም ሳቁ። የሳቀውን ሰው ሁሉ በስም ይዤዋለሁ፤ ጊዜው ሲደርስ አንድ በአንድ እመልስላቸዋለሁ።

አጥፍቼ አስነሳሁት። ጥፋቱ የኔ ነው ካልህ ንገረኝ፣ ያንተ ከሆነም ቶሎ አበጀው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ግን እንዳትጽፍልኝ፣ አባቴ በየዕለቱ ይለኛል።

ደረበ ገላባት አንድ ወርሻ፣ የጋራዥ ቤት፣ ውስጥ ጎማ ይጠግናል። እዚያው ጓሮ ያድራል። ልብሱን ላክለት። እሁድ ሄጄ አየሁት። «ፈረደ እንደሆነ ላረጋግጥልህ ነው» ስለው «ተይው፣ ዓለሜ» አለኝ። እንዴት ይተዋል? ያጫት ልጅ ሽማግሌ መልሳለች። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በጓሮ በር ነው የምትወጣው። እሱ ተይው ይላል፤ ሲናገር ደግሞ ዓይኔን አያይም። ይህን ያህል ሰብረውታል።

ስለዚህ አሁን ሌላ ነገር ልለምንህ። የምታይ ብቻ ሳትሆን ጥፍር ያላት ወፍ ሥራልኝ። ፈረደ ወንበሩ ላይ ሲሆን ቁጥሩን ትንሽ ትቧጥጥልኝ፤ ዛሬ ወደ ላይ፣ ነገ ወደ ታች። ጉድለቱ በሱ እጅ ሲበዛ እንዴት እንደሚያስረዳ ልየው። እባክህ አልልህም፤ የደረበን እንጀራ አብረን በልተናልና ይገባኛል።

የዓለምወርቅ


አዳማ፣ ኅዳር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

የኔ እናት የዓለምወርቅ፣

ይቅር በይኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም። ወፏን ለማሳረፍ ትእዛዙን ስቀይር ማሽኑ ራሱ እዚያው ትእዛዝ ላይ ቆሞ ነበር፤ የተቀመጠበትን ቅርንጫፍ ቆረጥኩበት። እዚህ ስሞክራት አንድ መኪና፣ አንድ ሥራ ብቻ ነበር። እናንተ ጋ ሚዛኑን የሚያነበው አንድ፣ ስክሪኑን የሚጽፈው ሌላ፣ እኩል ነው የሚሮጡት። ይህን መርሳት አልነበረብኝም። አሁን ሁሉም በሩን ለቆ እስኪያልፍ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ታርፋለች። እናንተ ላይ እንደሚደርሰው እዚህ ደግሜ ደጋግሜ ረበሽኳት፤ አልደረቀችም። በኔ ስህተት ሰው ፊት ስለተሳቀብሽ ወሏሂ እንቅልፍ አጣሁ።

ጥፍር ያላት ወፍ ላልሽው፣ አይቻልም አልልሽም። ይቻላል፣ ያውም ቀላል ነው። አልሠራም።

ለምን ብለሽ እንዳትጽፊ፣ አሁኑኑ ልንገርሽ። ሰርዶን የሚጠቀም ያንቺ መጋዘን ብቻ አይደለም፤ የጤና ጣቢያ መድኃኒት ክምችት አለበት፣ የትምህርት ቤት ማርክ አለበት። ዛሬ ላንቺ ንዴት የከፈትኩት በር ነገ ለማን ንዴት እንደሚከፈት አላውቅም። ደግሞ በደረበ ላይ የዋሸው ሰው ነው፤ አንቺ ማሽን ልታስዋሺ ነው። እኔ የደረበን እንጀራ የበላሁት ለዚህ አይደለም። ብትጣይኝም ይህን ቃሌን አላጥፍም።

ያለችሽን ወፍ አሳርፊ። መጀመሪያ ሚዛኑን የሚያነበው ፈንክሽን ላይ አድርጊያት። ፕሮግራሙ ከመዘገበው ቁጥር ይልቅ አንብቦ የጣለውን ቁጥር እይ።

ከአዲሱ ፍላሽ ጋር ልብሱንና አንድ ብርድ ልብስ ልኬያለሁ። ሰላም በይልኝ።

አብዱልሀኪም


መተማ ዮሐንስ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአብዱልሀኪም፣

ወፍህ እጇ አመድ አፋሽ አይሁን! አረፈች፣ ሚዛኑም አልተንገጫገጨም፣ ፈረደ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ምንም አላወቀ። «ምን አየሽ?» ብለህ ከመሞትህ በፊት ልንገርህ።

እንዳልኸኝ የተጣለውን ቁጥር አየሁ። ፕሮግራሙ መኪናው ሚዛኑ ላይ እንደቆመ አንድ ቁጥር ይዞ ይመዘግባል፣ ከዚያ በኋላም መኪናው እስኪወርድ ማንበቡን አይተውም፤ ያን ግን ማንም አያየውም ነበር። እኔ አየሁት። ከተመዘገበ በኋላ ቁጥሩ ይወርዳል። አንዴ ሃምሳ ሁለት ኪሎ፣ አንዴ ስልሳ አንድ፣ አንዴ አርባ ዘጠኝ። ቆይቶ ደግሞ ይወጣል። የሰሊጥ ጆንያ ቢሆን አንድ መቶ ነው፣ እንዲህ አይዘበራረቅም። ሌባ ነው ቢባል የሰረቀውን መልሶ የሚጭን ምን ዓይነት ሌባ ነው? ራሴን ሊያዞረኝ ደረሰ።

ከክፍሉ ወጥቼ ጸሐይ ላይ ቆምሁ። በሩ ላይ ዘሀቢያ ቀዝቃዛ ካርካዴ ትሸጣለች። ኢሱዙው ሚዛኑ ላይ ቆሟል። ከጭነቱ ላይ አንድ ሳሉግ ዘሎ ወረደ፣ ካርካዴውን ጨለጠ፣ ተመልሶ ወጣ። ሌላው ወረደ። ሌላው ወረደ። አብዱልሀኪም፣ ጉድለቱ ሰው ነው!

መንገድ ላይ ሰው ማገት ከተጀመረ ወዲህ ከእርሻ ወደ ከተማ በእግር የሚሄድ የለም፤ ሳሉጉ ሁሉ የሚመጣው ሰሊጡ ላይ ተቀምጦ ነው። ሙሉው ሲመዘን አብሮ ይመዘናል፣ መጋዘን ደርሶ ይወርዳል፣ ባዶው ሲመዘን የለም። በሰሊጥ ስም ተመዝግቦ እየሄደ ነው። አንድ ኢሱዙ ላይ ሃያ ሰው ካለ አስራ አንድ ኩንታል ሰው ነው። ስንፈትሸው ልክ የሚሆነው ለፈተና ባወጣነው መኪና ላይ ማንም ስላልተቀመጠ ነው። ያልታየው ተደብቆ አይደለም፤ ሁላችንም በየቀኑ እናየዋለን። ሳሉግን ማን ቆጥሮት ያውቃል? ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ከርመናል። ሌባ የለም። ደረበም አይደለም፣ ፈረደም አይደለም።

አሁን «እልል በይና ለሽማግሌዎቹ ንገሪ» ልትለኝ ነው። አልነግርም።

ሌባ የለም ማለት ፈረደ ሌባ አይደለም ማለት ነው እንጂ ወፍ አይደለም ማለት አይደለም። ወንድሜን በውሸት አስበልቶ ወንበሩን ወርሷል። ዛሬ ብናገር ሁሉም «ለካ!» ብሎ ይስቅና እጁን አራግፎ ይሄዳል። የደረበ ሦስት ቀን፣ የእናቴ የጓሮ በር፣ ያ ሳቅ፣ ሜዳ ላይ ሊቀር ነው? ጉድለቱ በፈረደ እጅም ቀጥሏል። ማኅበሩ ማጉረምረም ጀምሯል። አንድም ነገር መንካት የለብኝም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው። ጥፍሯን ከለከልኸኝ፣ ዝምታዬን ማን ይከለክለኛል? ዝም አይነቅዝም። እሱም አንድ ጊዜ ሜዳው ላይ ይቁም፣ ይቅመሳት፣ ከዚያ እናገራለሁ።

ደስ ብሎኛል። ከጥቅምት ወዲህ ዛሬ ገና እህል ጣመኝ።

የዓለምወርቅ


አዳማ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

የዓለምወርቅ፣

ዜናውን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ጨፈርኩ። ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ዝም አይነቅዝም የሚባለው ስለ ምላስ ነው እንጂ ስለ ሰው ነፍስ አይደለም። አንቺ ያየሽው ወንድምሽን ነጻ የሚያወጣ ነገር ነው! ዛሬ አንድ ቃል ብትተነፍሺ ደረበ ማታውኑ እናቱ ቤት ይገባል። እሱን ገላባት ጎማ እያስጠገንሽ ፈረደ ሜዳ እስኪወጣ ትጠብቂያለሽ? ይሄ ለደረበ ነው ወይስ ለራስሽ? መልሺልኝ፣ በእናትሽ።

ደግሞ ፈረደ ወፍ ስለመሆኑ ምን አየሽ? ወፏ እዚያ በር ላይ አላረፈችም። እኔ ማንም ሰው ልብ ውስጥ ፕሮብ ማስገባት አልችልም፣ አንቺም አትችይም። ሰው ሦስት ቀን ጸሐይ ላይ ታግቶ «ስም ካልሰጣችሁ አትሄዱም» ሲባል ምን እንደሚያወጣ ማን ያውቃል? ማሽን እንኳ አቁመሽ ስትጠይቂው እውነቱን አልነገረሽም።

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ወደ አያ ደሞዝ ሂጂ። ኢሳን ሳያድር ተመለስ ብዬዋለሁ።

አብዱልሀኪም


መተማ ዮሐንስ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአብዱልሀኪም፣

ደብዳቤህ ዘግይቷል። የኢሳ መኪና ሸኽዲ ላይ ተበላሽቶ ሲደርሰኝ አውጫጩ ተጠርቶ ነበር።

«ብትፈልጊ አሁንም ይደርሳል» እንደምትል አውቃለሁ። ይደርስ ነበር። አልፈለግሁም። ለደረበ ነው ወይስ ለራስሽ ብለህ ለጠየቅኸኝ፣ ለሁለታችንም ነው፤ ይበቃሃል?

ያው ሜዳ፣ ያው ጸሐይ። የማሽላ አጨዳ ላይ ነበርና ሳሉጉ ይራገማል። ፈረደ መሐል ላይ ቁጭ ብሎ መሬት ይጭራል። ያን ዕለት እንደሳቀው ይሳቅ እንደሆን ብዬ ዓይኔን ከፊቱ አልነቀልሁም። አልሳቀም። በሁለተኛው ቀን ተራ ደርሶ ሁሉም ገብቶ ወጣ፤ እኔም ገብቼ ወጣሁ። ወደ ማታ አያ ደሞዝ ወጡ። ጋቢያቸው መሬት ይጎተታል፣ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ወፍ መጥታለች። ፈረደ ነው» አሉ። ስሟን እንዳትጠይቀኝ።

ፈረደ ግን እንደ ደረበ ዝም አላለም። «በልጆቼ! በልጆቼ!» እያለ በጉልበቱ ሄደ። ሚስቱ ሀብትነሽ ነጠላዋን ጥላ ጮኸች። በማግስቱ ቦኖ ውኃ ላይ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ከጀሪካኗ ሲያርቁ አየሁ። የኔንም እናት እንዲሁ አድርገዋት ነበር። ፈረደ ወዴት እንደገባ አይታወቅም።

እንደጠበቅሁት ደስ አላለኝም፣ ይህን አልደብቅህም። ውኃ ጠጥቶ ጥሙ እንዳልቆረጠለት ሰው ነው የሆንሁት። ቢሆንም ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው። ነገ ወይ ተነገ ወዲያ ስለ ሳሉጎቹ እናገራለሁ፣ የደረበም ስም ይጠራል። አስቀድሜ ግን ገላባት ሄጄ ጠላትህን ሜዳ ላይ አወጣሁልህ ልበለው። ለዚህች ቀን ነው የኖርሁት።

የዓለምወርቅ


አዳማ፣ ጥር 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

የዓለምወርቅ፣

ስሟን አልጠይቅሽም። ፊደልሽን አውቀዋለሁ፤ «እኔም ገብቼ ወጣሁ» የሚለውን ሰርዘሽ ደግመሽ ጽፈሽዋል።

ዛሬ ፍላሽ አልላክሁም። ማስነሻውን ትእዛዝ ታውቂዋለሽ፤ ወፌን ከዚያ ሚዛን ላይ አንሺልኝ።

አብዱልሀኪም


መተማ ዮሐንስ፣ ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአብዱልሀኪም፣

ወንድሜ ብዬ እንድጠራህ ከፈቀድህልኝ። እኔ ነኝ። ዳሱ ውስጥ ገብቼ «ፈረደ ሲሰርቅ አይቻለሁ» ያልሁት እኔ ነኝ። ሌባ እንደሌለ እያወቅሁ።

«ገላባት ምን ገጠመሽ፣ ኢሳ ሲነግረኝ ምላሱ ተሳሰረ» ብለህ በሌላ ሹፌር አፍ ልከሃል። እሱስ ምን ብሎ ይንገርህ? ድልድዩን እየሮጥሁ ነው የተሻገርሁት። ወርሻው ጓሮ ደረበ የሚተኛባት አንዲት አንገረብ አለች፤ እዚያ ቤት ያለችው አልጋ እሷው ብቻ ናት። በአንዱ ጫፍ ደረበ ተቀምጧል። በሌላው ጫፍ ፈረደ ተቀምጧል። መሐላቸው አንድ ሳህን ፉል አለ። ያንተን ብርድ ልብስ የለበሰው ፈረደ ነው።

«ይኼ እዚህ ምን ያደርጋል?» አልሁ።

«ማደሪያ አጣ» አለኝ ደረበ። «እኔም ስመጣ አልነበረኝም።»

«ወፏ እሱ ነው እኮ! አንተን ያስበላህ እሱ ነው!»

ደረበ እጁን በጨርቅ ጠረገ። መጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ። «ወፏ እኔ ነኝ፣ ዓለሜ» አለ።

እንዴት ብዬ ልጻፍልህ! «ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው በሂላ ተደግፎ ቆሞ፣ ቅርፊቱ እየተከፈተ ነበር» አለኝ። «ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ሳይነካው ይረግፋል። አንዱ የበለሳ ልጅ ወባ ይዞት ሜዳው ላይ ይንዘፈዘፋል፣ አይለቁትም። ስም ካላገኙ አይለቁም። ሌባ የለም ብል ማን ይሰማኛል? ሚዛኑን የምይዘው እኔ ነኝ፣ ዞሮ ዞሮ ወደኔ መምጣቱ አይቀርም። ተራዬ ሲደርስ ገባሁና ደረበ ነው አልኋቸው። አያ ደሞዝ እግሬ ላይ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። ወዲያው ሰዉ ተለቀቀ።»

«ለምን አልነገርኸኝም?» አልሁት።

«ብነግርሽ ትጮኺ ነበር። ጊዜ ሲያልፍ ይበርድልሻል ብዬ ነው።»

ፈረደ ከሳህኑ ላይ ቀና አለና «የኔስ ወፍ ማናት?» አለ። ደረበ ወደኔ ዞረ። እኔን እያየ እንደገባው አየሁ። አፌን ከፍቼ «እኔ ነኝ» ስል ደረበ ሳህኑን ወደ ፈረደ ገፋ አደረገና «ብላ» አለው። እኔን ግን ተቀመጪ አላለኝም።

ስመለስ ድልድዩ ላይ ቆምሁ። ከጥቅምት ጀምሮ የያዝሁት ቂም አለ፣ እንደ ልጅ ያሳደግሁት፣ እህል ከውኃ የነሳኝ። አሁን ማን ላይ ላውርደው? ወንድሜ ላይ? አያ ደሞዝ ላይ? የሚመታ ሰው የለም። ያኔ ነው የደረበ ዓይን ለምን ይሸሸኝ እንደነበረ የገባኝ፤ አፍሮ ሳይሆን ፈርቶኝ ነው።

በማግስቱ ኢሱዙውን ሚዛን ላይ አቆምሁ። ሽማግሌዎቹን፣ ማኅበሩን፣ የሳቁትን ሁሉ ጠራሁ። ሳሉጎቹን ከጭነቱ አንድ በአንድ አወረድሁ፣ ቁጥሩም አንድ በአንድ ወረደ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ያንተን ወፍ አነሳኋትና የፈረደ ወፍ እኔ ነበርሁ ብዬ ተናገርሁ። አያ ደሞዝ «መሐላችንን አንቺው ፈታሽልን» ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሁለቱም ተመለሱ፣ ደረበም ፈረደም። ደረበ እናቴ ቤት ነው። ሰላም ይለኛል፤ ከዚያ አያልፍም።

በአገሩ ደንብ ድንጋይ በአንገቴ ተሸክሜ ፈረደ ደጃፍ ሄድሁ። ፈረደ ወጥቶ ገና ሲያየኝ «አውርጂው፣ ይቅር ብያለሁ» አለ። ለደረበ ብሎ ይሁን ደክሞት ይሁን አላውቅም። ልጎነበስ ስል ሀብትነሽ ከበሩ ላይ «እኔ አላልሁም» አለች። ድንጋዩን አላወረድሁትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ድንጋዩን ተሸክሜ እሄዳለሁ። ሀብትነሽ በርጩማዋን ታወጣና ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። አትሳደብም፣ አታለቅስም፣ ታየኛለች። አስተያየቷን አውቀዋለሁ፤ እኔ ፈረደን እንደዚህ ነበር የማየው። ደረበ «ይበቃሻል፣ አትሂጂ» አለኝ ትናንት ማታ፣ ከተመለሰ ወዲህ መጀመሪያ ጊዜ ረዘም አድርጎ አነጋገረኝ። የሀብትነሽ ሁለት ወንድሞች ከአብርሃ ጅራ መጥተዋል አሉ፣ መሣሪያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ግቢዋ ውስጥ ተቀምጠዋል።

አሁን ነግቷል። ይህን ለኢሳ ሰጥቼ በዚያው ወደ ሀብትነሽ ደጅ እሄዳለሁ።

የዓለምወርቅ